ድንጋይ ስር ያለው ሁሉ «ትል» አይደለም፦ ስለ ጅረት ነፍሳት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከእንጦጦ የሚወርዱት ጅረቶች ጋ ሰው ይዤ ስወጣ ሁሌ የማደርገው አንድ ነገር አለ፣ ውሃው ፈጠን የሚልበት ቦታ ገብቼ የእጅ መዳፍ የሚያክል ድንጋይ አነሳና ገልብጬ አሳያለሁ። ከስሩ ያለው ነገር ይሯሯጣል፣ አንዱ ጠፍጣፋ ነው፣ አንዱ ጭራ አለው፣ አንዱ አሸዋ ለብሷል፣ አንዱ ዝም ብሎ ተለጥፏል። የሰውም መልስ ሁሌ አንድ ነው፣ «ኧረ ትል!»። ከዛ ደግሞ «የወባ ትንኝ ነው እንዴ? ውሃው ቆሽሿል ማለት ነው?» ይመጣል። እነዚህን ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ስለሰማኋቸው አንድ በአንድ ልመልሳቸው ብዬ ነው፣ ምክንያቱም ድንጋይ ስር ያለውን በትክክል ያየ ሰው ስለ ውሃው ብዙ ነገር ያውቃል፣ አሳስቶ ያየ ደግሞ ጥሩውን ጅረት ቆሻሻ ቆሻሻውን ጥሩ እያለ ነው የሚሄደው።

«ትል ነው»

ስህተቱ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ቃል ነው። እኛ የሚላወስ ትንሽ ነገር ሁሉ ትል እንላለን፣ ለወሬ ምንም አይደለም፣ ለመለየት ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው እግር አለው ወይ ነው። ነጭ ሳህን ላይ ትንሽ የጅረቱን ውሃ አድርጉ፣ ያገኛችሁትን እዛ ላይ ልቀቁትና አትነካኩት፣ ትንሽ ሲረጋጋ መራመድ ይጀምራል ያኔ ቁጠሩ። ደረቱ ላይ መጋጠሚያ ያላቸው ስድስት እግሮች ካሉት ነፍሳት ነው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ገና እጭ ላይ ያለ፣ አድጎ ክንፍ የሚያወጣ ማለት ነው።

እግር ከሌለውስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው። እግር የለውም ማለት ነፍሳት አይደለም ማለት አይደለም፣ የዝንብና የትንኝ ወገን በሙሉ እጭ እያለ እውነተኛ እግር የለውም። ብዙዎቹን የምትለዩአቸው ጠንከር ባለችው ጭንቅላታቸው ወይ ከኋላ ባለው መንጠቆና ጡት ጡት በሚመስል ነገር ነው። እውነተኛ ትል የሆኑት ሌሎች ናቸው። አልቅት ከፊትም ከኋላም መምጠጫ ስላለው አንዱን ጫፍ ለጥፎ ሌላውን እየሳበ፣ እየተቀለሰ እየተዘረጋ ነው የሚሄደው፣ ያንን አካሄድ አንዴ ካያችሁ ከምንም ጋ አታምታቱትም። ጠፍጣፋው ትል ደግሞ ሳህኑ ላይ ልክ ዘይት እንደሚፈስ ተንሸራቶ ነው የሚሄደው፣ ጭንቅላቱ ሶስት ማዕዘን ነገር ነው፣ ሁለት ነጠብጣብ ዓይኖች አሉት፣ ደም ምናምን አይመጥም። ከብት ያረባ ሰው አልቅትን ከእኔ በላይ ያውቀዋል፣ ገና ቀጭን ሳለ ከሚጠጣው ውሃ ጋር ገብቶ የላም ጉሮሮ ወይ አፍንጫ ውስጥ የሚያድገው እሱ ነው፣ እሱን ፈርቶ ግን የጅረቱን ነፍሳት ሁሉ አልቅት ማለት ልክ አይደለም።

ቀንድ አውጣም ነፍሳት አይደለም፣ ሸርጣንም አይደለም። ቀንድ አውጣን በቀላሉ አትለፉት ግን፣ ሞቅ ባለውና ዝግ ብሎ በሚሄደው ውሃ የቢልሃርዝያን ጥገኛ የሚሸከሙት አንዳንድ የቀንድ አውጣ ዓይነቶች ናቸው፣ ዶ/ር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ ነው ያን ሁሉ ምርምር የጀመረው። ድንጋይ ስር ያለውን በደንብ ማየት የት ድረስ እንደሚያደርስ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለኝም።

«ትል ያለበት ውሃ ቆሻሻ ነው»

ይሄ በጣም የሚያናድደኝ ነው፣ ምክንያቱም እውነታው በአብዛኛው የተገላቢጦሽ ነው። ድንጋይ ስር የምታገኟቸው ሜይፍላይ፣ ስቶንፍላይ፣ ካዲስፍላይ የሚባሉት ሶስት የነፍሳት ወገኖች እጭ ሳሉ የሚተነፍሱት ውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነው፣ በጊል (እንደ ዓሣ ውሃ ውስጥ መተንፈሻ በሆነው አካላቸው) ወይ በቀጥታ በቆዳቸው። ፍሳሽ ወይ እዳሪ ውሃ ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያው ያንን ለመብላት ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፣ እነሱም ይታፈናሉ፣ በቃ ያልቃሉ። ስለዚህ የእነሱ መብዛትና ዓይነታቸው መለያየት ነው የጥሩ ውሃ ምልክት።

አዲስ አበባ ያሉትን የቀበናን ወይም የአቃቂን ወንዝ ከላይ እስከ ታች የተከተለ ሰው ይሄን በዓይኑ ያየዋል። ላይ እንጦጦ ጋ ድንጋይ ስታነሱ ጠፍጣፋ ሜይፍላይ እንደ ሸርጣን በጎን በጎን ይሮጣል፣ ካዲስ አለ፣ የውሃ ጢንዚዛ አለ። ከተማው ውስጥ ወርዳችሁ ያንኑ ዓይነት ድንጋይ ብታነሱ (ጓንት አድርጋችሁ፣ በባዶ እጅ እንዳትሞክሩት) ከስሩ ጥቁር ጭቃና ሽታ ነው፣ ያለውም ቀይ ቀይ የትንኝ መሰል እጭና ቀጫጭን ትል ብቻ ነው። እዛ ታች ያለው ህይወት ቁጥሩ ትንሽ አይደለም፣ እንዲያውም አንዳንዴ እፍኝ ሙሉ ነው፣ የጠፋው ዓይነቱ ነው። ለዛ ነው «ብዙ ነገር ስላለ ጥሩ ነው» ማለትም «ምንም ስለማይታይ ንጹህ ነው» ማለትም የማያስኬደው፣ የሚጠየቀው እነማን አሉ ነው።

እሺ አንድ ማስተካከያ ልጨምር፣ ሜይፍላይ ባየን ቁጥር ንጹህ ነው ማለትም አይቻልም። ባኤቲድ የሚባሉት ቀጠን ያሉ፣ ሳህን ላይ ስትለቋቸው እንደ ትንሽ ዓሣ ሽው ብለው የሚዋኙት አሉ፣ እነሱ ውስጥ ትንሽ ብክለት የሚችሉ አሉ። ካዲስም ውስጥ መረብ የሚዘረጉት ሃይድሮሳይኪድ የሚባሉት እንደዛው ናቸው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ብቻ አግኝታችሁ አትፍረዱ።

«እንግዲያው ነፍሳቱ ካሉ ውሃው ይጠጣል»

አይጠጣም! ይሄንን በተለይ ወጣ ብለው ተራራ ለሚሄዱ ልጆች ነው የምለው። ሜይፍላይ የሚነግራችሁ ኦክስጅን እንዳለና ከባድ ብክለት እንደሌለ ነው፣ ጃርዲያ፣ አሜባ፣ ታይፎይድ የሚያመጣው ባክቴሪያ ስለመኖሩ ምንም አይነግራችሁም። ከላይ አንድ ላም ውሃው ውስጥ ብትጸዳዳ ነፍሳቱ ምንም አይሆኑም፣ እናንተ ግን ትታመማላችሁ። አፍሉት።

«የወባ ትንኝ እጭ ነው»

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይሄ ነው፣ ፍርሃቱም ይገባኛል። ግን የወባ ትንኝ እጭ የሚተነፍሰው ውሃው ላይ ወጥቶ ከአየር ነው፣ ስለዚህ የቆመ ወይ በጣም ዝግ ያለ ውሃ ነው የሚፈልገው፣ ኩሬ፣ የከብት ኮቴ ያጠራቀመው ውሃ፣ የጅረት ዳር ላይ ተለይቶ የቀረ ረግረግ። አኖፌለስ፣ ማለትም የወባ ትንኝ እጭ፣ ውሃው ፊት ላይ ጋደም ብሎ ነው የሚታየው፣ ሌላው ትንኝ ደግሞ ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። እየተጋፋ በሚወርድ ውሃ ውስጥ ድንጋይ ስር አታገኙትም፣ ይታጠባል።

ድንጋዩ ላይ በብዛት ተለጥፎ የምታዩት፣ ታችኛው ጫፉ ወፈር ያለ ጠርሙስ የሚመስል፣ ውሃው ሲገፋው የሚወዛወዝ ነገር ብላክፍላይ ነው፣ ጥቁር ዝንብ እንበለው። ከአፉ ክር አውጥቶ ድንጋዩ ላይ ትንሽ ምንጣፍ ይሰራል፣ ኋላው ባሉት መንጠቆዎች እሷን ይዞ ይቆማል፣ ከጭንቅላቱ ሁለት ማራገቢያ የመሰሉ ነገሮች ዘርግቶ ውሃው ይዞት የሚመጣውን ያጠምዳል። ለእኔ ከጅረት ነፍሳት ሁሉ አሰራሩ በጣም የሚያስገርመኝ እሱ ነው።

እሱም ቢሆን ሁሌ ምንም አያደርግም ማለት አይደለም። አድጎ ሲበር ሴቷ ትነክሳለች፣ በጅማ፣ በከፋ፣ በኢሉባቦርና በሌሎችም የምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አካባቢዎች ኦንኮሰርኪያሲስን፣ የወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነት የሚባለውን፣ የሚያስተላልፉት ከዚህ ወገን የተወሰኑት ናቸው፣ ሜክቲዛን የሚባለው መድኃኒት በየቤቱ ሲታደል የቆየው ለዛ ነው። እንዲያውም በዛ አካባቢ ያለ አንድ ዓይነት እጭ ድንጋይ ላይ ሳይሆን ሸርጣን ላይ ተለጥፎ ነው የሚያድገው። ስለዚህ የወባ ትንኝ አይደለም ስል ዝም ብላችሁ እለፉት ማለቴ አይደለም፣ በስሙ ጥሩት ነው የምለው፣ ምክንያቱም ኩሬ ማድረቅ ለወባ ይሰራል ለብላክፍላይ ግን ምንም አያደርግም፣ እሱ የሚወደው የሚሮጥ ውሃ ነው።

«ጭራው ሶስት ከሆነ ሜይፍላይ፣ ሁለት ከሆነ ስቶንፍላይ»

ይሄ ኢንተርኔት ላይ በየቦታው ያለ ነው፣ ለመጀመሪያ ቀን ጥሩ ነው ግን ያሳስታል። ሁለት ጭራ ብቻ ያላቸው ሜይፍላዮች አሉ፣ መሀከለኛው በጣም አጥሮ የማይታይባቸውም አሉ፣ ከዛ ደግሞ ጭራ ስስ ነገር ስለሆነ ስታነሱት ይበጠሳል፣ አንድ ጭራ የቀረው ሜይፍላይ ስንቴ አይቻለሁ። ሌላው ነገር ዳምዝልፍላይ፣ ያ ቀጭኑ የድራጎንፍላይ (ውሃ ዳር የሚበረው ረጅም ባለ አራት ክንፍ ነፍሳት) ዘመድ፣ እጩ ከኋላ ሶስት ነገር አለው፣ እና ሰው ሶስት ቆጥሮ ሜይፍላይ ይለዋል። የዳምዝልፍላይ ግን ክር አይደለም፣ ቅጠል ይመስላል፣ ሰፋ ያለ ጊል ነው።

እኔ የማየው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛ ጊሉ የት ነው? ሜይፍላይ ሆዱ ጎንና ጎን ላይ ተደርድሮ የሚርገበገብ ነገር አለው፣ አንዳንዱ እንደ ቅጠል አንዳንዱ እንደ ላባ። እኛ ጋ የሚገኘው ስቶንፍላይ ደግሞ ጊሉ ደረቱ ስር፣ እግሩ የሚነሳበት ጋ ብብቱ ውስጥ ያለ ፀጉር ይመስላል። ሁለተኛ የእግሩ ጫፍ፣ ሜይፍላይ አንድ ጥፍር ነው ያለው ስቶንፍላይ ሁለት። ይሄ በአስር እጥፍ ሌንስ ይታያል።

እዚሁ ላይ ሌላ ትልቅ ስህተት አለ፣ የአሜሪካንና የአውሮፓን መለያ ቻርት አውርዶ እኛ ጅረት ላይ መጠቀም። እዛ ስቶንፍላይ በብዙ ዓይነት ነው ያለው፣ ቻርቱም ስቶንፍላይ ከሌለ ውሃው ተጎድቷል ብሎ ነው የሚያስበው። ከሰሃራ በታች ግን ከደቡብ አፍሪካ አካባቢና ከማዳጋስካር ውጪ የሚገኘው በአብዛኛው ኒዮፔርላ የሚባለው አንድ ወገን ነው፣ እኛ ከፍ ያለ ደጋ ጅረት ላይ ስቶንፍላይ ማጣት የተለመደ ነው፣ ውሃው እንደ መስታወት ቢሆንም። አንድ ተማሪ በውጭ ቻርት ቆጥሮ እንጦጦ ላይ ያለውን ጥሩ ጅረት «የተበከለ» ብሎ ሪፖርት ሲጽፍ አይቻለሁ፣ ልጁ አልሰነፈም፣ የያዘው ወረቀት የሌላ አገር ስለሆነ ነው። እና አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በተቃራኒው፣ ከልጆቻችሁ ጋ እዛ ጅረት ስትወርዱ የዛውን አገር ቻርት ነው መያዝ ያለባችሁ፣ እዛ ሄልግራማይት የሚባል ጣት የሚያክል፣ በመንጋጋው የሚነክስ እጭ አለ፣ እኛ ጅረት ላይ የለምና የምታውቁት ነገር አይመስላችሁም።

«ያ ቆሻሻ ነው፣ እንጨት ስብርባሪ ነው»

ድንጋይ ላይ የተለጠፈች የአሸዋ ቱቦ ወይ በአራት ማዕዘን የተቆረጠ ቅጠል የተደራረበባት ነገር ካያችሁ ሳህኑ ላይ አድርጋችሁ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ከአንዱ ጫፍ ጭንቅላትና ስድስት እግር ይወጣና ቤቱን እየጎተተ ይሄዳል። ካዲስፍላይ ነው። ከአፉ በሚያወጣው ሐር አሸዋውን አንድ በአንድ ያያይዘዋል፣ ሲያድግ ከፊት በኩል ይጨምርበታል። አንድ እረኛ ልጅ «እሱማ ቤት ያለው ነው» ብሎ ነገረኝ፣ ከመጽሐፍ ሁሉ የተሻለ ስም ነው።

ግን ቤት የሌለው ካዲስም አለ፣ ሰው ቤት ካላየ ካዲስ አይደለም ይላል። መረብ የሚዘረጋው ዓይነት ድንጋዮች መሀል እንደ ሸረሪት ትንሽ መረብ ሰርቶ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ድንጋዩን ስታነሱት መረቡ ይኮማተርና ጭቃ ነገር ይመስላል፣ እሱ ራሱ ደግሞ አረንጓዴ ወይ ቡናማ የተጠቀለለ አባጨጓሬ ነው የሚመስለው። ጀርባው ላይ ከጭንቅላቱ ቀጥሎ ሶስት ጠንካራ ቅርፊት አለ፣ ሆዱ ስር ብን ብን ያለ የጊል ጸጉር፣ ከኋላ ሁለት መንጠቆ።

ሌላው የሚታለፈው የውሃ ሳንቲም ነው። ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ድንጋዩ ላይ እንደ ቅርፊት ልጥፍ ያለ፣ ሰው የዓሣ ቅርፊት ወይ ቀንድ አውጣ ይለዋል። በጥፍር ቀስ ብላችሁ አንሱትና ገልብጡት ከስሩ ስድስት እግር አለ፣ የጢንዚዛ እጭ ነው።

ደረቅ ድንጋይ ላይ፣ ከውሃው ወጣ ብሎ፣ ጀርባው የተሰነጠቀ የነፍሳት ቅርፊት ስታዩ ደግሞ «ሞተዋል» አትበሉ። ልብሱን ነው የጣለው፣ ድራጎንፍላይ ወይ ስቶንፍላይ ወጥቶ በሯል። ሜይፍላይ እንዲያውም ክንፍ ካወጣ በኋላ እንደገና አንዴ ቆዳውን ይቀይራል፣ ከነፍሳት ሁሉ ይሄን የሚያደርግ እሱ ብቻ ነው፣ ከዛ አይበላም፣ አፉ አይሰራም፣ ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀን ኖሮ ያበቃል። ህይወቱን በሙሉ ማለት ይቻላል የኖረው እናንተ ያነሳችሁት ድንጋይ ስር ነው።

«ቀይ ከሆነ ደም መጦ ነው»

አይደለም። ቀዩ እጭ ካይሮኖሚድ ነው፣ የማይነክስ የትንኝ መሰል ልጅ፣ ቀይ ያደረገው የራሱ ሄሞግሎቢን (የእኛንም ደም የሚያቀላው፣ ኦክስጅን የሚይዘው ነገር) ነው፣ ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃ ውስጥ ለመኖር ይረዳዋል። በአጠቃላይ ቀለም አትመኑ፣ ቆዳውን አሁን የቀየረ እጭ ነጭ ነው፣ የዛኑ ዓይነት ከሳምንት በኋላ ጥቁር ቡናማ ታገኙታላችሁ።

«ለመለየት ላብራቶሪ ያስፈልጋል»

እስከ ዝርያ ስም ለመድረስ አዎ፣ ማይክሮስኮፕም ልምድም ይፈልጋል፣ ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ጅረት ነፍሳት እጭ ላይ እስከዛ መለየት ለባለሙያም ከባድ ነው። የውሃውን ሁኔታ ለመገመት ግን እስከ ቤተሰብ ደረጃ (የሚቀራረቡ ዝርያዎች የሚመደቡበት ቡድን) ይበቃል፣ አንዳንዴ ከዛም ያነሰ። ደቡብ አፍሪካ ሚኒሳስ የሚባል ለተማሪና ለማንኛውም ሰው የተሰራ ዘዴ አለ፣ ሁሉንም በ13 ቡድን ብቻ ነው የሚከፍለው፣ ለስቶንፍላይ 17 ነጥብ፣ ለባኤቲድ ሜይፍላይ 5፣ ለሌሎቹ ሜይፍላዮች 11፣ ለዝንብ ወገን 2፣ ከዛ ደምሮ በተገኙት ቡድኖች ቁጥር ማካፈል ነው። የእኛን ደጋ ጅረቶች በተመለከተ ደግሞ ኢትባዮስ የሚባል የነጥብ አሰጣጥ በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሟል፣ በእኛው ነፍሳት ላይ የተሰራ ስለሆነ ከውጭ ቻርት ጋ አይወዳደርም። ዕቃው ነጭ ሳህን፣ ወንፊት፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ አስር እጥፍ ሌንስ፣ በቃ። ስልካችሁ ካሜራ ፊት ሌንሱን ብትይዙት ፎቶውም ይወጣል።

«ምንም አላገኘሁም፣ ጅረቱ ሞቷል»

መጀመሪያ መቼ ሄዳችሁ? ክረምት ላይ ጎርፍ ድንጋዩን እያንከባለለ ሁሉንም ያጥበዋል፣ ነሐሴ ላይ ባዶ ድንጋይ ማግኘት ምንም አይገርምም። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ውሃው ሲጠራና ሲረጋ ተመለሱ። ሁለተኛ እንዴት ፈለጋችሁ? ድንጋዩን ብድግ ስታደርጉት ግማሹ ከውሃው ጋ ይሄዳል፣ ወንፊቱን ከድንጋዩ በታች በኩል ደግናችሁ ነው ማንሳት ያለባችሁ፣ ከዛ ድንጋዩ የነበረበትን አሸዋ በእግር ወይ በእጅ በጥበጥ አድርጉት። ሶስተኛ ከላይ ምን ተደርጓል? የብርብራ ዛፍ ፍሬ ፈጭቶ ውሃው ውስጥ በትኖ ዓሣ የሚይዝ ሰው ካለ፣ ብርብራ ውስጥ ያለው ሮቴኖን የሚባለው መርዝ ዓሣውን ብቻ መርጦ አይገድልም፣ ነፍሳቱንም ነው የሚጨርሰው፣ ውሃው ግን ለዓይን ጥርት ያለ ነው የሚሆነው። እነዚህን ሶስቱን አይታችሁ፣ ከላይ ካለ ሌላ ቦታም አወዳድራችሁ አሁንም ባዶ ከሆነ ያኔ የሆነ ነገር ተፈጥሯል ማለት ትችላላችሁ።

«ድንጋይ ነው፣ የትም ብጥለው ምን ችግር አለው»

አለው። የባኤቲድ ሜይፍላይ እናት አንዳንዷ ክንፏን አጥፋ ውሃው ውስጥ ገብታ እንቁላሏን ድንጋዩ ስር ነው የምትለጥፈው፣ ካዲሱም ወደ ሙሽሬነት (ከእጭ ወደ ክንፋም የሚሸጋገርበት ደረጃ) ሲቀየር ቤቱን እዛው ድንጋይ ላይ አጣብቆ ዘግቶ ነው የሚተኛው፣ መሮጥ አይችልም። ዳር ላይ ተገልብጦ የተጣለ ድንጋይ ፀሐይ ሲመታው ከስሩ የነበረው ሁሉ ይደርቃል። ስለዚህ ስታነሱት የትኛው ፊቱ ወደታች እንደነበረ ያዙ፣ አይታችሁ ስትጨርሱ ሳህኑን እዛው ያገኛችሁበት ጋ ቀስ ብላችሁ ድፉት፣ ድንጋዩንም በዛው ፊቱ፣ በዛው ጉድጓዱ ውስጥ መልሱት።